ገብርኤልን መስታወት ላይ ለጥፌ የእናት 5 ብር አስቀረሁ

ሦስት እግር
እሑድ፣ የካቲት 30፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ጎንደር። ባጃጁ የሰው ነው። የቀን ገቢውን ለባለቤቱ አስገብቼ የተረፈችው የኔ ናት። ንጋት 11 ተኩል እወጣለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ቅዳሴ ካስቀደስኩ ቆየሁ። ዱሮ ዳዊት እደግም ነበር፤ እሱም ቀረ። ማታ መጽሐፉን ከመክፈቴ እንቅልፍ ይደፋኛል።

ባጃጄን ግን ብታዩት ደብር ነው የሚመስለው። የፊት መስታወቱ ላይ ቅዱስ ገብርኤል አለ። መስቀል ተንጠልጥሏል። መዝሙሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፣ ድምፁም ከፍ ያለ ነው። ጓደኞቼ "አባ" ነው የሚሉኝ።

የካቲት 7፣ የሥላሴ ለት፣ አንዲት እናት ፒያሳ ላይ ተሳፈሩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሊሳለሙ ነው። ሒሳቡ 15 ብር ነው፣ 20 ሰጡኝ። "ዝርዝር የለኝም እናቴ" አልኳቸው። ነበረኝ። የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ማዶ ሁለት ሰዎች በእጃቸው እየጠሩኝ ነበርና ቸኮልኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ። "ዝርዝር የለኝም" ማለት ገቢ መሙያ አንዱ ዘዴ ነው።

እሳቸው ወርደው ቆም አሉ። ሥዕሉን አዩት። "ገብርኤል ይየው" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ወደ በሩ መግባት ሲገባቸው ወደ ታች ነው የተመለሱት። ከንዴት ብዛት መንገዱ የጠፋቸው መሰለኝ።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ኖሮ እረሳው ነበር።

ዛሬ ደግሞ ምኩራብ ነው፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ። ቤተክርስቲያን በር ላይ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ስብከቱን በድምፅ ማጉያ ሰማሁ። ጌታ ቤተ መቅደስ ገብቶ የገንዘብ ለዋጮቹን ገበታ የገለበጠበት ወንጌል ነው። "የአባቴን ቤት የንግድ ቤት አታድርጉት።" እኔ በዚያች ደቂቃ ጭኔ ላይ ብር ዘርግቼ እየቆጠርኩ ነበር። ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩት፤ የታየብኝ መስሎኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንደኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው እግዚአብሔርን እንደሚወድ በምን ያሳያል? ሥዕሉና መዝሙሩ ካልሆነ ምንድነው? ጹም፣ ጸልይ ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። እሱን አውቃለሁ።

የመንታ እናት
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡52

ስላመንክ እግዜር ይስጥህ። እስከ ዛሬ መልሴን ያስቀሩብኝ ባጃጆች ሁሉ ቢመልሱልኝ አንድ ኪሎ ቡና እገዛ ነበር።

የኔን ላውራህ። ሳላገባ በፊት ኪዳን አያመልጠኝም ነበር። ፍልሰታን 15ቱንም ቀን ቤተክርስቲያን ነበር የማድረው። ከዚያ መንታ ወለድኩ። አሁን 2 ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል። ውዳሴ ማርያም እንደምታውቀው በየዕለቱ የተከፈለ ነው፣ የሰኞ፣ የማክሰኞ እያለ። እኔ የሰኞውን ስጀምር አንዱ ከአልጋ ይወድቃል፣ አንዷ ጀበና ትይዛለች። ዓመት ሙሉ ከሰኞ አልወጣሁም ብል ማጋነን አይደለም።

ለንስሐ አባቴ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። "እጅሽ ሊጥ ውስጥ ሲሆን አፍሽ ምን ይሠራል?" አሉኝ። ምንም አልኩ። "እንግዲያው ሥራ ስጪው።"

አሁን ሊጥ ሳቦካ እግዚኦታውን፣ "እግዚኦ መሐረነ" የሚለውን፣ እላለሁ፣ 41 ጊዜ። ጣቴ ሊጥ ስለሆነ መቁጠር አይቻልም። አንዳንዴ 30 ይሆናል፣ አንዳንዴ 60። ልጆቹ ከጎኔ ይቀመጡና ይከተሉኛል። ሴቷ "እዚዮ ማነነ" ነው የምትለው። ዘፈን መስሏታል መሰለኝ፣ ታጨበጭባለች።

ኦሪት ዘዳግም 6 ላይ ትእዛዙን "በቤትህም ስትቀመጥ፣ በመንገድም ስትሄድ" ተጫወተው ይላል። ቤቱ የኔ ነው፣ መንገዱ ያንተ። "ጊዜ ስታገኝ" አይልም፤ ፈልጌ አጣሁት።

ልብ ይበቃል
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሥዕል፣ መስቀል፣ ነጭ ነጠላ፣ በር መሳለም፣ ሁሉም ታይታ ነው። ጥምቀት ለት ፋሲል መዋኛ ዘሎ ከሚገባው ግማሹን ማታ መጠጥ ቤት ነው የምታገኘው። ሚካኤልን ቲሸርቱ ላይ አሳትሞ የሚሳደብ ስንት አለ። ባጃጁም ያው ነው። እግዚአብሔር ልብን ያያል። እኔ አልጾምም፣ አልሰግድም፣ ሰውም አልበድልም። ልቤ ይበቃኛል።

የበአታው ተማሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡05

ወንድሜ ልብ ይበቃል፣ እናትህ ገጠር ናት እንበል። "በልቤ እወዳታለሁ" እያልክ ለፋሲካ ካልሄድክ፣ ካልደወልክ፣ ስትታመም ካልጠየቅካት ልብህን በምን ታየዋለች? ሰው ጉልበትም ሆድም አለው። ስግደት ጉልበት የሚጸልይበት ነው። ጾምም ሆድ የሚጸልይበት ነው። አባቶች የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሲሠሩልን (8 ቀን ዘወረደ፣ 40 ጌታ የጾመው፣ 7 ሕማማት) ሰው ዝም ብሎ "በልቤ" ሲል ቀኑ እንደሚያልቅበት አውቀው ነው።

ባጃጁ ወንድማችን፣ ወደ አንተ ልምጣ። የዛሬው እሑድ ምኩራብ የተባለው በቅዱስ ያሬድ ዝማሬ ነው፣ "ቦአ ኢየሱስ ምኩራበ አይሁድ" ተብሎ ይጀምራል። ገባ ማለት ነው። ጌታ የገባው ሰው ወደሚሠራበት፣ ወደሚሸጥበት ቦታ ነው። አንተም ጋ የገባ ይመስለኛል፣ ባጃጁ ውስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን በአታ ቤተክርስቲያን የአቋቋም (የዝማሬ) ትምህርት ላይ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" ያልኩ የቆሎ ተማሪ ነኝ። ሁለት ቤት አልረሳም። አንዱ በሩ ላይ ትልቅ የብረት መስቀል የተበየደበት ግቢ ነው። ድምፄን ሲሰሙ ውሻውን ይፈቱታል። ጠባሳው ባቴ ላይ አለ። ሌላው የአንዲት ጠላ ሻጭ ጎጆ ነው። ብዙውን ቀን ግማሽ እንጀራ በሽሮ ትሰጠኛለች። የሌላት ቀን ደግሞ ውስጥ ተደብቃ ዝም አትልም። በሩን ከፍታ ትወጣና "ዛሬ የለኝም ልጄ፣ አትቀየመኝ" ትላለች። ባዶ እጄን እመለሳለሁ፣ ግን ሰው አየኝ ብዬ ነው የምመለሰው።

ልብ ይበቃል እንዳይፈርድብኝ፦ የሷም በር ላይ መስቀል ነበር። በከሰል የተሳለ።

ቅዳሜ ገበያ
ሰኞ፣ መጋቢት 1፣ ከጠዋቱ 2፡30

እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ፣ ቅዳሜ ገበያ። ልጁ 5 ብር ብሎ ሲያለቅስ ሳይ አፈርኩ፤ የኔ በኪሎ ነው።

ከኪሎ 50 ግራም የሚበላ ሚዛን ነበረኝ። ስንት ዓመት እንደሠራሁበት አትጠይቁኝ። ምኑ ያስቃል መሰላችሁ፣ በምርቃት ነው የታወቅኩት። በርበሬውን መዝኜ ሳበቃ አንድ ጭብጥ ከላይ ጣል አደርጋለሁ። ገዢው "ተባረክ፣ እጅህ ይባረክ" ብሎኝ ይሄዳል። የራሱን በርበሬ መልሼ ሰጥቼው ነው የመረቀኝ። የጨመርኩለትም ምርቃት ነው፣ የተቀበልኩትም ምርቃት ነው፣ ሁለቱም የሌባ።

በየወሩ 12 ሚካኤልን እዘክራለሁ። ዳቦው፣ ጠላው፣ ለነዳያን ምሳው አይጎድልም። አንድ ዓመት ዝክሩ ላይ ካህኑ ሲያስተምሩ "አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው" የሚለውን ከምሳሌ 11 አነሡ። እኔን ብለው አልነበረም፤ ስለ ፍርድ እያወሩ ነው። ዳቦው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ንስሐ ገባሁ። ሚዛኑን ቀየርኩ። አሁን ልክ ነው የምመዝነው፤ የድሮውን ምርቃት ግን አልችለውም፣ ትርፉ አይፈቅድም። ደንበኞቼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ቆረብክና ገብጋባ ሆንክ!" ሁለቱ ትተውኝ ሄደዋል። ለምን እንደሆነ ላስረዳቸው አልችል። ምን ብዬ?

አንተ ልጅ፣ ገንዘቡን መልስ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው ያለው። ያንተ 20 ብር ነው፣ ቀላል ነው። የኔን ሳሰላው አልጨረስኩም።

የአዘዞ ልጅ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አትደብድቡኝ። ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ ነው የገባሁት።

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሴራሚክ ከሥሩ ሲሚንቶው በደንብ ካልሞላ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ቀን ዕቃ ሲወድቅበት በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። ግን በርክክብ ቀን ማንም አያንኳኳም፤ ከላይ ሁሉም ያበራል። ሐዋርያው ለቆላስይስ ሰዎች የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ አድርጉት ብሎ ጽፏል። ለኔ ይሄ ቃል ሲሚንቶ ነው። ከቤተሰቤ ጋር ጠዋት ሩብ ሰዓት እንጸልያለን፣ ከዚያ ወጥቼ የሰውን ወለል ባዶ አድርጌ ብሄድ ጠዋት ምን አደረግኩ?

የፋሲል ዘብ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡02

አንተ ደግሞ ማን ጠራህ? ስለ ሃይማኖት ልታስተምረን ነው? በዚህች በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ

[የቀረው በአስተናባሪ ተነሥቷል።]

አስተናባሪ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ሰው መስደብ ክልክል ነው። እግዚአብሔርን ስለ መውደድ በተከፈተ ውይይት ላይ ደግሞ ያስቃል።

የመንታ እናት
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

መንታ ወልጄ ስተኛ ገንፎ ያገነፋችልኝ ጎረቤቴ ጴንጤ ናት። ያን ሰሞን አርባ አራቱ ታቦት አጠገቤ ነበሩ፣ ገንፎውን ያመጣችው ግን እሷ ናት። ሌላ አልናገርም፣ ልጆቹ ተነሡ።

ማራኪ 3ኛ ዓመት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አጭር ጥያቄ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ከዶርም እስከ ክፍል ስሄድ በኢርፎን መዝሙር እሰማለሁ። ግቢ ጉባኤ ላይ አንድ ልጅ "እሱ ጸሎት አይባልም" አለኝ። ይባላል ወይስ አይባልም?

የበአታው ተማሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስትሰማ ልብህ አብሮ ካለ ይባላል። የፈተና ጭንቀት እንዳይሰማህ ብቻ ከከፈትከው መድኃኒት ነው፣ እሱም መጥፎ አይደለም። ሰው "ሰላም ዋልክ" ሲልህ ግን ከጆሮህ አውጣው።

ማታ ተረኛ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 2፣ ከሌሊቱ 9፡30

አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ዎርዱ ጸጥ ብሏል፣ 10 ደቂቃ አለኝ።

ነርስ ነኝ። የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሰው መንፈቀ ሌሊትን ነው የሚቸገርበት። እኔ ሳልወድ እነቃለታለሁ፣ ደሞዝም ይከፈለኛል። "አቡነ ዘበሰማያት" የምለው መርፌ እያዘጋጀሁ ነው። እጅ ስታጠብም እላለሁ፤ መታጠቡ እስኪያልቅ ጸሎቱም ያልቃል፣ ልክ ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሦስተኛ ጊዜ ውሃ የሚለው ሰው ነው።

ባለፈው አንድ አስታማሚ የሌላቸው አባት ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ይጠሩኛል። ትራሱን አስተካክዪ፣ መብራቱን አጥፊ፣ ውሃ። ሌላ ጋ የባሰ ሰው ነበረኝ። በመጨረሻ "ኧረ ተኙበት! ሰው ይተኛ!" ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ናቸው። ዞር ብለው ግድግዳውን አዩ።

ንጋት 12 ሰዓት ከተረኛ ወጣሁ። ነጠላዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በቀጥታ ቅዳሴ ልሄድ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ያ የማቴዎስ 5 ቃል መጣብኝ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው። ሁሌ የማስበው ስለተጣላ ጎረቤት ነበር። ስለ በሽተኛ አስቤው አላውቅም።

ተመለስኩ። "አባቴ፣ ሌሊት ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና "ውሃውን ስጪኝማ" አሉ።

ሰጠኋቸው። ቅዳሴው አመለጠኝ። ዛሬም ይሄው፣ ሰው እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ።

ስደት ሰለቸኝ
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 10፡05

ከቨርጂኒያ ነው። እዚህ ገና ማታ ነው። እኔም እንደ ሦስት እግር ሹፌር ነኝ፣ ዩበር። እዚህ ተሳፋሪ ሲወርድ ኮከብ ነው የሚሰጥህ። "ገብርኤል ይየው" የሚል የለም።

ልጅ ሆኜ አያቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይወስዱኝ ነበር። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ታውቋቸዋላችሁ፣ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ። የትም ብቆም እኔን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከአያቴ መቀነት 25 ሳንቲም ወስጄ ነበርና እዚያ ስንገባ ቀና ማለት አቃተኝ። አያቴ "ምነው አንገትህ?" አሉኝ። ሦስት እግር ያልከውን ሳነብ ያ አንገት ታወሰኝ።

እናንተ በየመታጠፊያው የምትሳለሙት ደጅ አላችሁ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ አንድም አላይም፣ እሑድ 40 ደቂቃ ነድቼ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስትሳለም ሁለት እጅህን ከመሪው አታንሣ። ባጃጅ ላይ ተሳፍሬ አይቻለሁ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ሦስት እግር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መሪ ስለመልቀቁ እውነት ነው፣ አለብኝ። ጎንደር ላይ ሁሉንም እየተሳለምክ ከነዳህ ደግሞ አዘዞ ሳትደርስ ይመሻል።

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር አደረግኩ። ጠዋት ከሱቅ 100 ብር በአምስት አምስት አስመነዘርኩ። እስከ ቀትር አለቀ። ገቢዬ ምን ያህል እንደቀነሰ ሳይ ደነገጥኩ። ስንት እንደነበር ገባችሁ?

ጋሼ ቅዳሜ ገበያ፣ እኚያን እናት የት ነው የማገኛቸው? ስማቸውን አላውቅ፣ ሰፈራቸውን አላውቅ።

ቅዳሜ ገበያ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

7 የያዘ ሰው 7 አይቀርም። የፊታችን እሑድ መጋቢት 7 ነው። ሂድና ቁም።

ልብ ይበቃል
ረቡዕ፣ መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 5፡40

ልጠፋ ነበር፣ ግን የእናቴ ምሳሌ አልለቀቀኝም፣ የበአታው። ስለዚህ የኔንም ስሙ።

አባቴ 55ቱን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አይቀምስም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያከብረዋል። እኛ ልጆቹ በዓመት ውስጥ እንደ ዐቢይ ጾም የምንፈራው ጊዜ አልነበረም። ሲርበው ይቆጣል፣ ሲቆጣ ይማታል። እናቴ "ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ዝም በሉ" ትለን ነበር። እስከ ዛሬ ሰዓት ዘጠኝ ሲል ትከሻዬ ይወርዳል። ሽሮ በዘይት ሲሸተኝ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ጾም ለእናንተ ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ ለኔ የአባቴ ቀበቶ ነው። "ልቤ ይበቃኛል" የምለው ፈላስፋ ስለሆንኩ አይደለም።

የበአታው ተማሪ
ሐሙስ፣ መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 1፡10

ይቅርታ አድርግልኝ። ምሳሌውን አቅልዬ ነው ያመጣሁት።

በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር ራሱ እንዲህ ያለውን ጾም ይወቅሳል፤ "ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ፣ በግፍ ጡጫም ትማታላችሁ" ይላል። ልጅ ሆነህ ይሄን የሚያነብልህ ሰው መኖር ነበረበት። ጹም አልልህም። አባትህ በሕይወት አሉ?

ልብ ይበቃል
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

አሉ። ሸምግለዋል። ሐኪም ጾም ከልክሏቸው ያለቅሳሉ። ምሳቸውን የማቀርበው እኔ ነኝ፣ በየቀኑ። 6 ሰዓት ላይ።

አሁንም አቅርቤ ነው የመጣሁት።

የመንታ እናት
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡05

ወየው።

ሦስት እግር
እሑድ፣ መጋቢት 7፣ ከምሽቱ 2፡45

አገኘኋቸው። ግን እንዳሰብኩት አይደለም።

ንጋት 11 ሰዓት ሥላሴ በር ላይ ደረስኩ። ብርድ ነው። እናቶች ይገባሉ። ሁሉም ነጭ ነጠላ፣ ሁሉም መቋሚያ፣ ሁሉም እሳቸው። አንዷን አስቁሜ 20 ብር ስዘረጋ "ምን አድርጌህ ነው?" ብለው ሸሹኝ። ሁለተኛዋ "የአብርሃም የይስሐቅ አምላክ ይስጥህ" ብለው ተቀበሉኝ። አይደሉም፤ ግን ተመርቆ ገንዘብ መልሱ አይባልም፣ ሄደ። ከዚያ ቆሜ ከምጠብቅ ብዬ ገባሁ። መጻጉዕ ነው ዛሬ። 38 ዓመት አልጋ ላይ የነበረው ሰው። ከስንት ጊዜ በኋላ ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆምኩ፤ እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ተቀምጦ መዋል ለምዶ።

ስወጣ ባጃጄ ጋ ቆመው ሥዕሉን እያዩ ነው። "ይሄ ያ ገብርኤል አይደለም?" አሉ። እኔን አላወቁኝም፣ እሱን ነው ያወቁት።

ነገርኳቸው። ዝርዝር የለኝም ያልኩት ውሸት ነው፣ 5 ብርዎትን አስቀርቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

"የምን 5 ብር?" አሉ።

ጭራሽ አያስታውሱትም። "ገብርኤል ይየው ያልኩህ እሱን አይደለም። ጧፍ ሱቁ ጋ አቁም፣ አቁም እያልኩህ መዝሙሩን አስጩኸህ አልፈኸኝ ሄድክ። ዳገቱን ወርጄ ተመልሼ ወጣሁት። በዚህ ጉልበት።" እና ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩኝ፣ በጨርቅ ታስሯል።

"አልሰማሁም እናቴ" አልኳቸው።

"እንዴት ትሰማ?"

ወር ሙሉ ያስጨነቀኝ 5 ብሩ ነው። መዝሙሩንማ ጽድቄ ነው ብዬ ቆጥሬው ነበር።

20 ብር ሰጠኋቸው፣ ዘኬዎስን አስቤ። 5 ብር ብቻ አንሥተው 15ቱን መለሱልኝ። "የኔ ይሄ ነው" አሉ። ወደ ፒያሳ አወረድኳቸው። ቴፑን ዘጋሁት። መንገዱን ሙሉ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጠበል፣ ሱዳን ስለሄደ ልጃቸው አወሩኝ። ለካ ባጃጅ ውስጥ ሰው ያወራል። ሲወርዱ በነጻ ነው ብል እምቢ አሉ፤ ከመቀነታቸው ፈትተው 15 ብር ቆጠሩልኝ። "ዛሬ ዝርዝር ይዣለሁ" ብለው ሳቁብኝ።

ቅዳሜ ገበያ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁለተኛዋ ላይ የሄደው 20 ብር ከየት ይቆረጥ?

ሦስት እግር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡14

ምርቃት ነው ጋሼ።

ማታ ተረኛ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሦስት እግር፣ እውነት ቴፑን የምትዘጋ ከሆነ ደንበኛ ላድርግህ። አርብ ንጋት 12 ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ፣ በዚያ ሰዓት ባጃጅ አላገኝም። ጭንቅላቴ ድምፅ አይችልም።

ሦስት እግር
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡48

እመጣለሁ እህቴ። ሐሙስ ሌሊት ነዳጅ ሰልፍ ካልያዘኝ ነው እንጂ። ከያዘኝ ጓደኛዬን እልካለሁ፤ እሱ ግን ሥዕል የለውም፣ ሰማያዊ ባጃጅ ናት፣ ከኋላ "አይዞን" ይላል።